በጣና ጀልባዎች ላይ የሥራ ክርክር ሲነሣ፦ ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳር ተነሥተው ዘጌን፣ ደቅ ደሴትንና ቁንዝላን እየነኩ እስከ ጎርጎራ በሚዘልቁ የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባዎች ላይ የሚሠሩ ሰዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ተራ በተራ እመልሳለሁ። መልሶቼ የሚመሠረቱት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ነው። ቀጣሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆኖ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የሚተዳደር ሰው ግን የሚሄድበት መንገድ ሌላ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የቅጥር ደብዳቤውን ይመልከት።

ጥያቄ፦ ጀልባችን ቁንዝላ ታድራለች። ተሳፋሪው ሲወርድ እኔ ሞተሩንና ጭነቱን እየጠበቅሁ እዚያው አድራለሁ። ኃላፊው ግን «ተኝተህ ነው ያደርኸው» ብሎ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከለከለኝ። መብት የለኝም?

መልስ፦ መታየት ያለበት ጀልባዋን ትተው ለመሄድ ነፃ ነበሩ ወይ የሚለው ነው። አዋጁ ሠራተኛው ሥራ የሚሠራበትን ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ የሥራ ሰዓት ይለዋል፤ ስለዚህ እንዲጠብቁ ታዝዘው ከሆነ ክርክርዎ ጠንካራ ነው። መደበኛው ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ከዚያ የሚያልፈው ሥራ በቀኑ ክፍል ከሆነ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የሰዓት ደመወዝዎ 40 ብር ቢሆን፣ የሌሊቱ አንድ የትርፍ ሰዓት 70 ብር ይመጣል ማለት ነው። ክፍያው ሊደርስዎ ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቁ ግን በይርጋ ይታገዳል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ማስረጃ ከተነሣ፣ አንድ ሞተረኛ በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣትን ደብተር አልረሳትም። ናፍጣ በነካው ገጽ ሁሉ ጀልባዋ የታሰረችበት ሰዓት፣ «ጠብቅ» ብሎ ያዘዘው ሰው ስምና በማግስቱ ሞተሩ የተነሣበት ሰዓት ተጽፎ ነበር። የአሠሪው መዝገብ እነዚያን ሌሊቶች ባዶ ስለተዋቸው፣ አስማሚው (ሁለቱን ወገኖች ለማግባባት የተመደበው ሰው) ደጋግሞ ያገላበጠው ይህንኑ ደብተር ነበር።

ጥያቄ፦ እምቦጭ ወደቡን ሲዘጋው ወይም የሞተሩን ፕሮፔለር ሲጠመጥመው ቆመን እንውላለን። የእነዚህ ቀናት ደመወዝ ሊቆረጥብን ይችላል?

መልስ፦ ሠራተኛው ለሥራ ተዘጋጅቶ ቀርቦ ሳለ በእርሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሥራው ቢስተጓጎል ደመወዙ ይከፈለዋል። አሠሪው ከዐቅም በላይ የሆነ ችግር ገጥሞኛል ብሎ የሥራ ውላችሁን ማገድ የሚችለው ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት በሙሉ ወይም በከፊል ሲቋረጥ ነው፤ ይህንንም በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው መንግሥታዊ አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሁለት ቀን ቆማችሁ ከተቆረጠባችሁ ጠይቁ። በቆማችሁባቸው ቀናት ግን ወደቡ ላይ ተገኝታችሁ ፈርሙ፤ ከቤት የቀረ ሰው ዝግጁ ነበርሁ ማለት ይቸግረዋል።

ጥያቄ፦ እኛ የምንፈልገው የሁላችንም ደመወዝ እንዲሻሻል ነው። ፍርድ ቤት እንሂድ?

መልስ፦ አይደለም። የአንድ ሰው ስንብት፣ ፈቃድ ወይም ያልተከፈለ ክፍያ የግል የሥራ ክርክር ስለሆነ ወደ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል። የደመወዝ ጭማሪና የኅብረት ስምምነት (ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የሚዋዋለው) ግን የወል፣ ማለትም የሠራተኞች የጋራ ክርክር ናቸው፤ መጀመሪያ አስማሚ ይመደብላቸዋል፣ አስማሚው በ30 ቀን ውስጥ ካላስማማ ጉዳዩ እንደ ክርክሩ ዓይነት ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሊቀርብ ይችላል።

ጥያቄ፦ ማኅበር ለመመሥረት ስንት ሰው ያስፈልጋል?

መልስ፦ 10 ሠራተኛ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አድማ መምታት እንችላለን? የሕዝብ አገልግሎት ስለሆነ ክልክል ነው ይሉናል።

መልስ፦ አዋጁ አድማ የሚከለክልባቸውን እጅግ አስፈላጊ አገልግሎቶች ዘርዝሯል፦ የአየር መንገድ፣ የመብራት ኃይል፣ ውኃ፣ ሆስፒታል፣ እሳት አደጋና ቴሌኮሙኒኬሽን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የጀልባ ማጓጓዣ በዝርዝሩ የለም። ሆኖም አድማው ሕጋዊ የሚሆነው ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ 2/3ኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ሲደገፍ፣ ለአሠሪውና ለመንግሥት አካሉ የ10 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ ሲሰጥ፣ በዕርቅ ለመጨረስም ጥረት ሲደረግ ነው። በአድማው ጊዜም የደኅንነት ሥራ አይቋረጥም፤ የታሰረች ጀልባ ማዕበል ሲመጣ ገመዷን የሚያይላት ሰው ያስፈልጋታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ የእኔ አቋም ነው። ለደቅ ሰው ጀልባ መንገዱ ናት። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ባሕር ዳር የምታደርስ አንዲት ጀልባ ከነሠራተኞቿ ተመድባ እንድትቆይ በማስታወቂያችሁ ላይ ራሳችሁ ጻፉት፤ ሕጉ ባያስገድዳችሁም ለእነዚያ ሰዎች ይህ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ በሌላ አገር እንዴት ይጨርሱታል?

መልስ፦ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት የመንግሥት ጀልባ ሠራተኞች አድማ በሕግ ተከልክለዋል፤ በድርድር ያልተቋጨውን የሚወስነው የግልግል ዳኛ ነው። በአላስካ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ሠራተኞቹ አድማ መትተው ጀልባዎቹ ከአንድ ሳምንት በላይ ቆመዋል፤ የተፈታውም በአሸማጋይ ነው። ለእኔ የዋሽንግተኑ መንገድ የሚረባው ዳኛው በእርግጥ ገለልተኛ ከሆነ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ካፒቴን ነኝ። ከልክ በላይ ተሳፋሪ አልጭንም ብዬ አቤቱታ ስላቀረብሁ ተሰናበትሁ።

መልስ፦ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ይናገራል። ወደ ሥራ መመለስ ከፈለጉ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ ባሉት 3 ወራት ውስጥ ክስ ይመሥርቱ። ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ በመመለስ ፋንታ ካሣ ቢወስንልዎ፣ መጠኑ የአማካይ የቀን ደመወዝዎ 180 እጥፍ ነው። የአቤቱታዎን ቅጂ፣ ተቀባዩ ከፈረመበት ቀን ጋር፣ ዛሬውኑ ያስቀምጡ፤ በዚያ ጉዞ ላይ የነበረ የትኬት ቆራጭ ካለም ትዝታው ሳይደበዝዝ ምስክርነቱን ይጠይቁት።