የዓባይ በረሃ የመስክ ጉዞ በአንድ ቀን ይበቃል ወይ?

የሥነ ምድር ተማሪዎችን ይዞ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይን በረሃ በአንድ ቀን አጥንቶ መመለስ ይቻል እንደሆነ፣ የአካባቢውንም ሰው እንዴት ማነጋገር እንደሚገባ ለጠየቁት አባል፣ መጀመሪያ በተማሪነት፣ በኋላም በረዳት መምህርነት ደጋግሜ ከወረድኩበት ልምድ ልመልስልዎ።

አንድ ቀን አይበቃም። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል ስለሚወጣ፣ የሚቸኩል ቡድን ከመኪና መስኮት ያየውን ብቻ ይዞ ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀን መዶሻ ሳያነሡ እስከ ድልድዩ እየተመለከቱ ይውረዱ። በማግስቱ የቆላው ሙቀት ሳይበረታ ከወንዙ ዳር ተነሥተው ወደ ደጀን እየወጡ ይመዝግቡ፤ አሮጌው ድንጋይ ከታች ስለሆነ ታሪኩ በቅደም ተከተል የሚነበበው ሽቅብ ሲሄዱ ነው። ከታችኛው አሸዋ ድንጋይ በላይ ጄሶ ያለበት ንብርብር፣ ከዚያም በጁራሲክ ዘመን የነበረው ባሕር ትቶት የሄደው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። እዚህ ላይ ጊዜ አይቆጥቡ፤ አሲድ ሲያንጠባጥቡበት አረፋ የሚያወጣውን ድንጋይ ከነዛጎሉ በእጁ የያዘ ተማሪ፣ ደጋው በአንድ ወቅት ባሕር እንደነበረ ማመን አይቸግረውም። ከዚያ በላይ ጭቃ ድንጋይና የላይኛው አሸዋ ድንጋይ፣ በአናቱ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባዛልት አለ።

ሰውን በማነጋገር ረገድ፣ በጎሃ ጽዮን በኩል ኦሮምኛ የሚችል ሰው ከቡድኑ አይለይ። አንድ ጊዜ ከገደሉ አፋፍ በታች፣ ምንጭ አጠገብ ሳላስፈቅድ ድንጋይ ስሰብር አንድ አዛውንት ተቆጥተው አስቆሙኝ። ይቅርታ ጠይቄ አጠገባቸው ስቀመጥ ግን፣ በጋ የማይደርቀው ውኃ የሚወጣው ጥቁሩ ድንጋይና ከሥሩ ያለው አሸዋማው አልቀው ቀዩ አፈር ሲጀምር እንደሆነ አስረዱኝ። በባዛልቱ ስንጥቅና በአሸዋ ድንጋዩ የሰረገው ዝናብ ውኃ የማያሳልፈው ጭቃ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይወጣል፤ እኔ ጠዋቱን ሙሉ ስፈልገው የቆየሁት ወሰን እሳቸው ውኃ የሚቀዱበት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ምንጩ የት እንደሆነ ነው፤ ተማሪዎቹም መልሱን በካርታቸው ላይ ያሰፍሩታል።

ሦስተኛ ቀን ካገኙ ሲመለሱ ደብረ ሊባኖስ ይቁሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ያለው በዚሁ ሸለቆ ገባር ገደል ሥር ሲሆን፣ የላይኛው አሸዋ ድንጋይም በሥነ ምድር ጽሑፎች የሚጠራው በገዳሙ ስም ነው። ሁሉም ነጠላ ይያዙ፣ መዶሻዎቹም ከመኪናው አይውረዱ።