ወፍራም መጽሐፍ የሚሸሽ ልጅ ምን ያንብብ?

ጥያቄ፦ የእህቴን ሁለት ልጆች የማሳድግ አክስት ነኝ። ወንዱ 13፣ ሴቷ 16 ዓመታቸው ነው። እሷ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ እሱ ግን የሰጠሁትን ልብ ወለድ ሁሉ ገና ከጅምሩ ይተወዋል። ሁለቱም እንግሊዝኛ በደንብ ይችላሉ። ለወጣቶች ከተጻፉት አዳዲስ ልብ ወለዶች የትኞቹን ልስጣቸው? ለእሷስ ልከለክላት የሚገባ አለ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጀመሪያ ልጁን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ መጽሐፎቹን የተዋቸው የት ላይ ነው? «አልወደድኩትም» ካለዎት ገጹን አውጥቶ እንዲያሳይዎት ያድርጉ። መጽሐፍ ስመርጥ ከዕድሜ በፊት የማየው ይህንን ነው። ገጹ በሰፈርና በአየር ሁኔታ ገለጻ የተሞላ ከሆነ፣ ልጁ የሰለቸው ታሪኩ እስኪጀምር መጠበቅ ነው። ጥቅጥቅ ያለ አንቀጽ ከሆነ ደግሞ ዓይኑ ደክሟል። ለሁለቱም ችግሮች የምሰጠው መጽሐፍ አንድ ዓይነት ነው፤ በግጥም የተጻፈ ልብ ወለድ።

መስመሮቹ አጫጭር ናቸው፤ በገጹ ላይ ባዶ ቦታ ይበዛል፤ ታሪኩም ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም። ለእሱ በክዋሜ አሌክሳንደር «ዘ ክሮስኦቨር» (2014፤ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይጀምሩ። ጆሽና ጆርዳን የቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ መንትዮች ናቸው። ጆርዳን የሴት ጓደኛ ሲይዝ ጆሽ ብቻውን የቀረ ይመስለዋል፤ አንድ ቀን በጨዋታ መሐል ኳሱን በሙሉ ኃይሉ የወንድሙ ፊት ላይ ይወረውረዋል። የቀድሞ ተጫዋች የሆነው አባታቸው ደግሞ ታሟል፤ ሐኪም ዘንድ ግን አልሄድም ይላል። ስለዚህ ልጁ ኳስ ባይወድም አይጨነቁ፤ መጽሐፉ ስለ ወንድማማችነት ነው። በ2015 በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውበሪ ሜዳልያ አግኝቷል።

ከዚያ ቀጥሎ የምወደው የጄሰን ሬይኖልድስ «ሎንግ ዌይ ዳውን» (2017) ነው። የ15 ዓመቱ ዊል ታላቅ ወንድሙ በጥይት ተገድሎበታል፤ ሽጉጥ ታጥቆ ሊበቀል አሳንሰር ውስጥ ይገባል። የመጽሐፉ አብዛኛው ክፍል አሳንሰሩ ምድር ቤት እስኪደርስ ያለችው አንድ ደቂቃ ገደማ ናት። በየፎቁ በሩ ይከፈትና አንድ የሞተ ሰው ይገባል። መጨረሻ ላይ ዊል ምን እንዳደረገ ደራሲው አይነግረንም፤ በዚህ የማይከራከር ወጣት አንባቢ የለም ብል ማጋነን አይመስለኝም። ከባድ ታሪክ ስለሆነ ግን እርስዎ ቀድመው ያንብቡት፤ ለ13 ዓመት ልጅ ይሁን አይሁን መወሰን የሚችለው የሚያውቀው ሰው ነው።

ለእሷ የኤሊዛቤት አሴቬዶን «ዘ ፖኤት ኤክስ» (2018) እመርጣለሁ። ይህም በግጥም የተጻፈ ነው። ሺዮማራ ከሃይማኖተኛና ጥብቅ እናቷ የምትሸሽገውን ሁሉ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እናትየው ክፉ ሆና አልተሳለችም፤ መጽሐፉን የማከብረው በዚህ ነው። አክስትና የእህት ልጅ አብረው ቢያነቡት ብዙ ያነጋግራል።

ወፍራም ነገር ከፈለገች የአንጀሊን ቡሊ «ፋየርኪፐርስ ዶተር» (2021) አለ። ኦጂብዌ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን የምትወለደው ዳውኒስ፣ የኬሚስትሪ እውቀቷን ይዛ በአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ውስጥ ትገባለች። በውስጡ የወሲብ ጥቃትና ግድያ አለ። ለ16 ዓመት ልጅ አልከለክልም፤ ይህንን ግን አስቀድሜ እነግራታለሁ፤ አንባቢ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሳያስበው መድረስ የለበትም።

በየዓመቱ የሚወጡትን ለመከታተል የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለወጣቶች መጻሕፍት የሚሰጠውን የፕሪንዝ ሽልማት ዝርዝር ይመልከቱ፤ ለእሷ የጠቀስኳቸው ሁለቱም አሸንፈውታል። ሽልማቱ የሚመዝነው የአጻጻፍን ጥራት እንጂ ልጆች ይወዱት እንደሆነ አይደለምና ከመስጠትዎ በፊት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ገጾች ያንብቡ።

ልጁ «ዘ ክሮስኦቨር»ን ከጨረሰ ደግሞ አያስጠብቁት። «ሪባውንድ» (2018) የተባለው መጽሐፍ የመንትዮቹን አባት የልጅነት ታሪክ ይተርካል፤ በዚያው ቀን ይስጡት።