አሮጌ ዕቃችንን ለማን እንስጥ? የትስ እንጣል?

ቤት የምትለቁም፣ ለበዓል ቤት የምታጸዱም ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። አራት ኪሎ አካባቢ ከደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ጋር ስለምሠራ፣ ዕቃ ከበር ከወጣ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ በቅርብ አያለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል፦ እናንተ «ጣልኩት» የምትሉትን ዕቃ ቀጥሎ በእጁ የሚነካው ሰው አለ። መልሶቼ ሁሉ ከዚያ ይነሳሉ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ወደ ኮንዶሚኒየም ልንገባ ነው። ቁም ሳጥኑ፣ የብረት አልጋውና የእናቴ ትልልቅ ድስቶች አይገቡልንም። ለቆራሌው ልስጣቸው ወይስ በቴሌግራም ልሽጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የሚሠራውን ከማይሠራው ለዪ። አልጋው ደህና ከሆነ ለቆራሌው አትስጪው። እሱ ብረቱን እንጂ አልጋውን አይገዛም፤ የሚሰጥሽም የብረት ዋጋ ነው። ለጎረቤት ንገሪ፤ የሚፈልግ ከጠፋ ቴሌግራም ላይ አውጪው። ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሺ። ቁመቱንና ስፋቱን ለክተሽ ጻፊ። ስንጥቅ ካለው እሱንም አሳዪ፤ ያኔ ገዢው መጥቶ አይጨቃጨቅሽም።

ድስቶቹን ግን ባትሸጪያቸው ደስ ይለኛል። ለዕድር ስጪያቸው። አዲስ ሰፈር የሚቋቋም ዕድር መጀመሪያ የሚቸግረው ድስት፣ ድንኳንና ወንበር ነው።

የተሸነቆረ ባልዲ፣ ጣሳ፣ ቁርጥራጭ ቆርቆሮ፣ የተቃጠለ ምጣድ፣ ይሄ ሁሉ የቆራሌው ድርሻ ነው። ከእሱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ ይቆረጣል፣ ይቃናል፣ ይቀጠቀጣል፣ ከዚያ የከሰል ምድጃ ሆኖ ይመለሳል። የቀረው ብረት ቀልጦ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። ሪሳይክል የሚለው ቃል ከተማችን ሳይደርስ እነዚህ ሰዎች ሥራውን ይሠሩት ነበር። ሲከራከሩሽ ትንሽ ተዪላቸው።

ጥያቄ (እናት፣ ከቀበና)፦ የልጆቼ ልብስ ሻንጣ ሞልቷል። ልዋጭ ብሰጠው ነውር ይሆን? ለተቸገረስ የት ይወሰዳል?

መልስ፦ እናቴ፣ ምንም ነውር የለውም። ልዋጭ የሚሉት ሰዎች ልብሱን ወስደው ለሚገዛው ያደርሱታል፤ እርስዎም ሳህን ወይም ሳፋ ያገኛሉ። መስጠት ከፈለጉ ደግሞ ለእርስዎ የሚቀርበው ስድስት ኪሎ ያለው የማዘር ተሬዛ ቤት ነው። አያት አካባቢ ያለው መቄዶንያም አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ስለሚረዳ የአዋቂ ልብስና ብርድ ልብስ ይጠቅመዋል። ከመሄድዎ በፊት ደውለው የሚፈልጉትን ይጠይቁ።

አደራ የምለው ግን አለ። ልብሱን አጥበው፣ ቁልፉን ተክለው፣ ዚፑን አሠርተው ይስጡ። ጫማውን ጥንድ ጥንድ አድርገው በክሩ ይሰሩት። የተቀዳደደውን ለመወልወያ ያስቀሩት። የተቸገረ ሰውም መስታወት ፊት ይቆማል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ያበጠ የስልክ ባትሪና ሁለት አሮጌ ስልኮች አሉኝ። አደጋ አላቸው?

መልስ፦ ያበጠው አለው። አትብሳው፣ አትጫነው፣ ቻርጅ አታድርገው። ሊቲየም ባትሪ ውስጡ ከተቀደደ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። አሸዋ ያለበት ጣሳ ውስጥ አድርገህ ከእሳትና ከፀሐይ አርቀው፣ ከዚያ ለስልክ ጠጋኝ በእጁ ስጠው። ማዳበሪያ ውስጥ ከወረቀት ጋር ከትተህ ለሰብሳቢዎች አታስረክብ።

ስልኮቹን ከመሸጥህ በፊት ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጣ። ከጉግል አካውንትህ ውጣና ሙሉ በሙሉ ሪሴት አድርገው። ቅደም ተከተሉን አትሳት፤ ከአካውንቱ ሳትወጣ ሪሴት ካደረግህ ገዢው ስልኩን መክፈት አይችልም።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ ኋላው ወጣ ያለ አሮጌ ቴሌቪዥንና የማይሠራ ፍሪጅ በረንዳ ዘግተውብኛል።

መልስ፦ የቴሌቪዥኑ መስታወት ውስጥ እርሳስ አለ። ለመዳቡ ብሎ ግቢህ ውስጥ የሚሰብረው ሰው ካለ አስቁመው። ሽቦ አቃጥሎ መዳብ ማውጣትም እንዲሁ ነው፤ የላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው፣ መጀመሪያ የሚተነፍሱት ደግሞ የግቢው ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425 በ2010 ዓ.ም. አውጥታለች። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ዕቃ የምታስወግዱም ይሄ ጉዳይ ይመለከታችኋል።

ፍሪጁን ለፍሪጅ ሠሪ ሽጠው። ኮምፕረሰሩና መደርደሪያው ለሌላ ፍሪጅ ይሆናል። ቧንቧውን ቆርጦ ጋዙን አየር ላይ የሚለቅ ሠራተኛ ግን አትጥራ። የድሮዎቹ ጋዝ ኦዞንን የሚጎዳ ነው፤ አንዳንዶቹ አዳዲሶች ደግሞ የሚቀጣጠል ጋዝ ይጠቀማሉ። እስኪወሰድ ድረስ በሩን ንቀለው። ልጅ ገብቶ ቢዘጋበት ከውስጥ መክፈት ያቅተዋል።

ጥያቄ (የስኳር ሕመምተኛ፣ ከአራት ኪሎ)፦ የኢንሱሊን መርፌዬን ክዳኑን ገጥሜ ቆሻሻ ውስጥ እጥለዋለሁ። በቂ ነው?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ይህን ጥያቄ ስለጠየቅህ ከልብ አመሰግንሃለሁ። ሰብሳቢዎቹ ማዳበሪያውን ይረግጡታል፣ በእጃቸው ይዘረግፉታል። ጓንታቸው ስስ ነው፣ አንዳንዴም የለም። ክዳን ይወልቃል። አንድ መርፌ ከወጋት ሰብሳቢዋ ሄፓታይተስ ይሆን ኤችአይቪ እያለች በጭንቀት ትሰነብታለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ያዝ፤ የበረኪና ወይም የፈሳሽ ሳሙና ጀሪካን ይሆናል። የሃይላንድ ጠርሙስ ስስ ስለሆነ መርፌ ይበሳዋል። መርፌውን እንደጨረስክ ክዳን ሳትመልስ እዚያ ክተት። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ በፕላስተር ጠቅልለው፣ ላዩ ላይ «መርፌ» ብለህ ጻፍ፣ ከዚያ ለክትትል ወደምትሄድበት ጤና ጣቢያ ውሰደው። እነሱ የራሳቸውን መርፌ የሚያስወግዱበት ሥርዓት አላቸው። የተሰበረ ብርጭቆም በካርቶን ተጠቅልሎና ተጽፎበት ለብቻው ይውጣ።

ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ካለም አብረህ ወስደህ ፋርማሲውን ጠይቅ። የሚቀበል ካጣህ ክኒኑን ከቡና አተላ ጋር ደባልቀህ፣ በደንብ ዘግተህ ጣል። ሽንት ቤት አትድፋው። የተረፈ አንቲባዮቲክ ለጎረቤት መስጠትም ደግነት አይደለም።

ጥያቄ (ከሰንጋ ተራ)፦ ለምን እንለያለን? በመጨረሻ ሁሉም ቆሼ ሄዶ ይደባለቅ የለ?

መልስ፦ ሁሉም አይሄድም። ማኅበራቱ ከቤት ክፍያ ውጪ የሚያገኙት ገቢ ፕላስቲክ፣ ካርቶንና ብረት ለይተው ከሚሸጡት ነው። ካርቶን ደረቅ ከሆነ ይሸጣል፤ ሽሮ ከፈሰሰበት ቆሻሻ ነው። ከየቤታችን ከሚወጣው ከግማሽ በላዩ የምግብ ትርፍራፊና ልጣጭ ነው። እሱን በአንድ ማዳበሪያ፣ ደረቁን በሌላ ብታደርግ ብዙው ነገር ቆሼን ሳያይ ይቀራል።

ቆሼ የደረሰውን አትርሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፣ ክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ። ክምሩን ያቆመው የእያንዳንዳችን ቤት ነው።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ ትኋን የያዘው ፍራሽ ለዘበኛችን ብሰጠው ያጸዳው ይሆን?

መልስ፦ አትስጠው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ስፖንጁ ውስጥ የገባውን አይገድልም። ጨርቁን ቀድደህ፣ ላዩ ላይ «ትኋን» ብለህ በትልቁ ጻፍና ሰብሳቢዎቹን አነጋግር። ለትልልቅ ዕቃ የጉልበት ዋጋ ሲጠይቁህ ክፈላቸው። ለዘበኛው ማሰብህ ደግ ነው፤ ከቻልክ ንጹሕ ብርድ ልብስ ስጠው።

ጥያቄ (ከአምባሳደር)፦ የአባቴ መጻሕፍትና ክምር ወረቀት አለ። ከመካከሉ አንድ የብራና ዳዊትም አግኝቻለሁ።

መልስ፦ ሦስቱን ለየብቻ እንያቸው። ደህና መጻሕፍትን አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ፤ በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ሕዝቡ መጽሐፍ እንዲለግስ ጥሪ ተደርጎ ነበር። ያገለገሉ መማሪያ መጻሕፍት በአቅራቢያሽ ላለ ትምህርት ቤት ይሁኑ። የቀሩትን አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ይገዙሻል።

ወረቀቱን በኪሎ ከመሸጥሽ በፊት አገላብጪው። የባንክ ደብተር፣ የሐኪም ውጤት፣ የመታወቂያ ኮፒ ካለ ቅደጂው። ያለዚያ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ መንገድ ላይ ይገኛል።

ብራናውን ግን ለማንም አትሽጪ፤ በተለይ በዶላር እገዛለሁ ለሚል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ወንጀል ነው። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወስደሽ ለባለሙያ አሳዪ፣ ወይም የአባትሽን ደብር አማክሪ። እስከዚያው ከእርጥበትና ከአይጥ ጠብቂው፤ በፕላስቲክ ሳይሆን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልይው።

ጥያቄ (ከአምስት ኪሎ)፦ ፌስታል ተከልክሏል ተብሏል። ቤት ያለውን ልጣል?

መልስ፦ አትጣለው። ክልከላውን የያዘው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ቢጸድቅም፣ በእጅሽ ያለውን መጣሉ ቆሻሻውን ነው የሚጨምረው። እስኪያልቅ ቤት ውስጥ ለቆሻሻ መያዣ ተጠቀሚበት፤ ለገበያ ዘንቢል ያዢ። ከሰል ለማቀጣጠል ግን በፍጹም። ቡና እየፈላ ያ ጭስ ቤቱን ሲሞላ የሚቀመጡት እናቶች ናቸው። ችቦ ወይም ደረቅ ስንጥር ይበቃል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም)፦ የተጠበሰበት ዘይትስ? ሲንኩ ተደፍኖብናል።

መልስ፦ ሲቀዘቅዝ በባዶ ጠርሙስ አጠራቅሙ። ትንሽ ከሆነ አመድ ወይም ሰጋቱራ ላይ አፍስሱትና ከምግብ ትርፍራፊው ጋር ይውጣ። የድስቱን ቅባት ከማጠባችሁ በፊት በወረቀት ጥረጉት። የተደፈነውን ቧንቧ ደግሞ ከታች ያለውን ጎረቤት አማክራችሁ አስከፍቱ፤ የእናንተ ሲከፈት ወደ እሱ ሊወርድ ይችላል።