ያልዘነበበት ቀንም ይመዘገባል

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን የጨረስሁት በሜትሮሎጂ ሙያ ነው፤ አሁን በጡረታ ላይ ሆኜ ስለ ልብ ዕርጋታ ልጽፍላችሁ ስነሣ፣ ከዚያው ከሙያዬ ሌላ የምጀምርበት ቦታ አላገኘሁም።

በየገጠሩ ባሉ ጣቢያዎች የዝናብ መዝጋቢው ጠዋት በሦስት ሰዓት ወደ መለኪያው ሄዶ የተጠራቀመውን ውኃ ይለካል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ጠብታ ባልወረደበት ቀንም ሄዶ ያያል፣ ዜሮ ብሎም ይጽፋል። ለሙያው አዲስ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ዜሮውንና ሳይሞላ የቀረውን ቦታ አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ነገር ግን ዜሮ ዕውቀት ሲሆን ያልተሞላው ቦታ ምንም አይነግረንም። ክፍተት የበዛበት መዝገብ የሠላሳ ዓመት አማካይ በአግባቡ አይወጣለትም፤ ያለዚያ አማካይ ደግሞ የዘንድሮው ዝናብ በዛ ወይም አነሰ ብሎ አፍን ሞልቶ መናገር አይቻልም። በጸሎትም ሆነ በትምህርት ያየሁት ከዚህ የተለየ አይደለም። ልባችሁ ደርቆ ለጸሎት የቆማችሁበት ማለዳ፣ መጽሐፍ ገልጣችሁ አንድም ነገር ሳይገባችሁ የከደናችሁበት ምሽት በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል፤ ጨርሳችሁ የቀራችሁበት ቀን ግን አይሰፍርም።

ዕርጋታ ሲባል አእምሮን ከሐሳብ ሁሉ ባዶ ማድረግ የሚመስላቸው አሉ፤ በየስልኩ የሚሸጠው ዕርጋታም ይኸው ይመስለኛል። እኔ በሕይወቴ ያገኘኋቸው የረጉ ሰዎች ግን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። የሐምሌ ጨለማ ገበሬውን የማያስደነግጠው መስከረም እንደሚጠባ ስለሚያውቅ ነው። እኛም በትምህርት ቤት የተማርነው ይህንኑ በሌላ ቋንቋ ነበር፦ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል ነፋሳት የሚገናኙበት ቀጠና ተከትሏት ይመጣል፣ እርጥበት አዘል አየር ከሕንድና ከአትላንቲክ ውቅያኖሶች እየተሳበ ደጋችን ላይ ይወርዳል፣ ፀሐይ ስትመለስ ቀጠናውም ይመለሳል። ገበሬው ይህን ጠብቆ ጤፉን በሐምሌ ይዘራል፤ ሽምብራውን ደግሞ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በመረሬ መሬት ላይ ዘርቶ፣ አፈሩ ይዞት በቀረው እርጥበት ያሳድጋል። ወጣትነት የዝናቡ ወራት ነው፤ ዛሬ የምትማሩት ኋላ ሰማዩ ሲጠራ የምትኖሩበት እርጥበት ይሆናል።

ይሁን እንጂ የተፈጥሮን ዑደት ማክበር ሁሉን ነገር «ያልፋል» ብሎ መተው እንዳይመስላችሁ አደራ እላለሁ። ድርቅ ይመላለሳል፤ በ2007 ዓ.ም. እንደሆነው ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው በላይ መሞቅ) ሲነሣ የክረምቱ ዝናብ በብዙ የአገራችን ክፍል ይቀንሳል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ዝናብ መጥፋቱ የተፈጥሮ ነበር ሊባል ይችላል፤ ረሀቡ ተሸፋፍኖ መቆየቱ ግን ከሰማይ የወረደ ሳይሆን የሰው ሥራ ነበር። በጎርፍ የታጠበ ለም አፈርም በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ አይመጣም። የሚመለሰውን ከማይመለሰው ሳይለይ ዝም የሚል ሰው ረግቷል አልልም፤ ደንዝዟል።

አባቶቻችን ይህን መለየት የተማሩት በመቁጠር ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃው 354 ቀን ስለሆነ በመካከላቸው የ11 ቀን ልዩነት አለ። የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብ ይህን ልዩነት አበቅቴ እያለ ይዞ በ19 ዓመት አንዴ ፀሐይንና ጨረቃን ያስታርቃቸዋል። የሂጅራ አቆጣጠር ደግሞ ልዩነቱን ሳያስተካክል ስለሚተወው ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ በጋውንም ክረምቱንም አዳርሶ ይዞራል። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች ለዚያው ለ11 ቀን ሁለት መልስ መስጠታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የአበቅቴው ስሌት ከባድ አይደለም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይዛችሁ ሞክሩት። በ2018 ዓ.ም. ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5500 ዓመት ስትደምሩ 7518 ይሆናል። ይህን ለ19 ስታካፍሉ 13 ይተርፋል፤ ከትርፉ አንድ ሲነሣ 12 ይቀራል፣ ይህም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132 ይሆናል፤ ሠላሳ ሠላሳውን ስትገድፉ የሚቀረው 12 የዓመቱ አበቅቴ ነው። አበቅቴውን ከ30 ስትቀንሱ የምታገኙት 18 መጥቅዕ ሲሆን፣ የነነዌ ጾምና ፋሲካ የሚወጡት ከእርሱ ተነሥቶ ነው። የ2019ን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ዘመነ ሉቃስ ነውና ጳጉሜን 6 ቀን እንደምትሆን አትርሱ። ያወጣችሁትን ቁጥር በአቅራቢያችሁ ላሉ መሪጌታ ወስዳችሁ አሳዩአቸው፤ ተሳስታችሁ እንደሆነ ያርሟችኋል፣ ትክክል ከሆናችሁም የበዓላቱን ተውሳክ (የየበዓሉን ቀን ለማግኘት የሚደመረውን ቁጥር) አከታትለው ያስተምሯችኋል።