ጥያቄና መልስ፦ በስልክ ጌም ላይ ቲኬት ለምትቆርጡ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በሞባይል ጌም ውድድሮች ላይ ስለሚቆረጥ ቲኬት ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ ተመሳሳዮቹን ጠቅልዬ፣ ስድቡን አውጥቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ ቤቲንግ ጣቢያው ላይ ቨርቹዋልም ኢስፖርትም አለ። ያው አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ቨርቹዋል ላይ ማንም አይጫወትም። ውጤቱን ኮምፒውተር እንደ ዕጣ ያወጣዋል፤ የሚሮጡት ውሾች ለዓይን ናቸው። ኢስፖርት፣ ማለትም የቪዲዮ ጌም ውድድር ላይ ግን ሰዎች ይጫወታሉ፣ ይናደዳሉ፣ ይሳሳታሉ። ቨርቹዋል ላይ "ይሄ ቡድን ሦስቴ ተሸንፏል፣ አሁን ተራው ነው" እያላችሁ የምትተነትኑ፣ እባካችሁ ተኙ።

ጥያቄ፦ የኳስ ቲኬት በደንብ አውቃለሁ። ሞባይል ሌጀንድስ የሚባለው የስልክ ጌም ላይ ስገባ ግን አቻ የሚባል ነገር የለም፣ ሃንዲካፑም ግራ አጋባኝ።

አቻ የሌለው አምስት ለአምስት ሆነው የአንዱ ቡድን ዋና ምሽግ እስኪፈርስ ስለሚጫወቱ ነው። ትልልቅ ግጥሚያዎች ከ3፣ ከ5 ወይም ከ7 ጌም ናቸው። ከ7 ከሆነ ቀድሞ 4 ያገኘ ያሸንፋል።

ሃንዲካፑን፣ ማለትም ከቡድኑ ውጤት ላይ ጌም ቀንሶ ወይም ጨምሮ መቁረጥን፣ በሁለት የሞባይል ሌጀንድስ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜዎች ላሳይህ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2023 ጃካርታ ላይ ኤኮ የተባለው የፊሊፒንስ ቡድን ያለፈውን ሻምፒዮን ብላክሊስት ኢንተርናሽናልን 4 ለ 0 ጠራረገው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ማኒላ ላይ ደግሞ ኤፒ ብሬን የኢንዶኔዥያውን ኦኒክ 4 ለ 3 አሸነፈ። አሸናፊው ላይ "ሲቀነስ 1.5" ብለህ ብትቆርጥ ኖሮ ጃካርታ ላይ ትበላ ነበር። ማኒላ ላይ ግን ቡድንህ ዋንጫ እያነሳ አንተ ትበላለህ፣ ማለቴ ገንዘብህ ይበላል፤ በሁለት ጌም ልዩነት ማሸነፍ ነበረበታ። "ከ5.5 ጌም በላይ" የሚለው ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ጃካርታ ላይ ወደቀ፣ ማኒላ ላይ ገባ።

ከዚያ ውጭ ያሉት፣ የመጀመሪያውን ግድያ ማን ያገኛል፣ ሎርድን (ካርታው ላይ ያለውን ትልቅ ጭራቅ) ማን ይገድላል የሚሉት፣ ሲጫወቱ ደስ ይላሉ። አንድ ሰው በአንድ ሰከንድ ስህተት የሚወስናቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ፐብጂ ሞባይል ላይስ?

እሱ እስከ መጨረሻ የተረፈ የሚያሸንፍበት የተኩስ ጌም ነው፤ እዚያ ሁለት ቡድን ብቻ አይደለም። በትልልቆቹ ውድድሮች አራት አራት ሰው የያዙ 16 ቡድኖች አንድ ካርታ ላይ ይወርዳሉ። ነጥቡ ከደረጃና ከግድያ ይደመራል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ዙር ያሸነፈው ሁሉ ዋንጫ አይወስድም። "አንደኛ ይወጣል" ብለህ ከ16 አንዱን ስትመርጥ ኦዱ (ብርህ የሚባዛበት ቁጥር) ትልቅ የሆነው ቤቲንግ ቤቱ ስለሚወድህ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጨዋታው ሳይካሄድ ቢቀር ወይም ቢቋረጥ ብሬ ይመለሳል?

ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ብዙ ጌም ባለበት ቲኬት ላይ ደግሞ ያ ጌም ኦዱ 1 ሆኖ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ ደንብ አለው። አንብበው። አዎ፣ ረጅም ነው።

ጥያቄ፦ (ይህ ወጣት አዳማ ነው ያለው፤ ሦስት ገጽ ጽፏል።) ሞባይል ሌጀንድስ ላይ ሚቲክ የሚባለው ከፍተኛ ደረጃ ደርሻለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው የምጫወተው፣ ጓደኞቼ ሳይቀሩ እኔን ጠይቀው ነው የሚቆርጡት። እነሱ አንዳንዴ ይበላሉ፣ እኔ ግን ሁልጊዜ አንድ ጌም ያበላሽብኛል። ዕድሌ ነው?

ወንድሜ፣ ዕድልህን ተወው። አንተ የምታውቀው ጨዋታውን ነው። ቤቱ የሚሸጥልህ ግን ዋጋ ነው።

ሁለት እኩል ቡድኖች እንውሰድ። ፍትሐዊ ኦድ ለሁለቱም 2 ነበር። ስክሪንህ ላይ የምታየው ግን 1.85 እና 1.85 ነው እንበል። በሁለቱም ላይ መቶ መቶ ብር ብታስይዝ 200 አውጥተህ 185 ታገኛለህ። 15ቷ ብር ማንም ቢያሸንፍ የቤቱ ናት። በዚህ ዋጋ ኪሳራ ውስጥ ላለመግባት ብቻ ከመቶ ግምትህ ከ54 በላዩ ልክ መሆን አለበት። አሁን እንደ ልማድህ አምስት ጌም ደርድር። ፍትሐዊው ኦድ 32 ነበር፤ የሚሰጥህ 21.67 ነው። መቶ ብርህ 3,200 ማምጣት ሲገባው 2,167 ያመጣል። አየህ፣ በበላህበት ቀን እንኳ አንድ ሺህ ብር ተቆርጦብሃል። "አንድ ጌም አበላሸብኝ" የምትለው ጌም ደግሞ አንተን ለማበሳጨት የመጣ አይደለም። አምስት እኩል ግጥሚያ ደርድረህ ሁሉም የሚገባልህ በአማካይ ከ32 አንዴ ነው።

"እኔ ላይቭ፣ ጨዋታው እየተካሄደ ነው የምቆርጠው" ብለሃል። እሱ ይብሳል። ተጫዋቾች ስርጭቱን አይተው የተቃራኒን ቦታ እንዳያውቁ የውድድር ስርጭት ሆን ተብሎ ይዘገያል። ላዩ ላይ የኛን ኔትወርክ ጨምርበት። ኦድ የሚያወጡት ድርጅቶች ግን ለትልልቅ ውድድሮች መረጃውን ከጌሙ በቀጥታ ይገዛሉ። አንተ ስልክህ ላይ አምስቱ ጀግኖች (ተጫዋቾቹ የሚያንቀሳቅሷቸው ገጸ ባሕርያት) ወደ ሎርድ ሲጠጉ እያየህ "አሁን!" ብለህ ስትጫን፣ ሎርዱ ሞቷል፣ ውጊያው አልቋል፣ ኦዱም ተቀይሯል። ወይም ተቆልፏል። ክፍት ሆኖ ከጠበቀህ ደግሞ ለምን እንደጠበቀህ ጠይቅ።

ሌላም አለ። ጌሙ አፕዴት ሲደረግ ትናንት አስፈሪ የነበረው ጀግና ዛሬ ሻይ የሚያፈላ ይሆናል፤ የባለፈው ወር ውጤት ትንተናህ አብሮት ይወድቃል። ማን ሊቀየር እንደሆነ፣ የትኛውን ጀግና ደብቀው እንደተለማመዱ የሚያውቁት ደግሞ ቡድኑ ውስጥ ያሉት ናቸው። ከእነሱ ጋር ነው ገበያ የወጣኸው።

ትንንሾቹን የኦንላይን ማጣሪያዎች በተለይ ራቃቸው። ሽልማቱ ትንሽ፣ ተመልካቹ ጥቂት ሲሆን፣ ለአንድ ተጫዋች ሆን ብሎ መሸነፍ ከማሸነፍ የበለጠ ሊከፍለው ይችላል። ይህ ወሬ አይደለም። ስታርክራፍት የተባለው የኮምፒውተር ጌም በቴሌቪዥን እንደ ኳስ ይታይባት በነበረችው ደቡብ ኮሪያ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ውጤት በመሸጥ ቅሌት 11 ተጫዋቾች ታግደዋል። ያውም ስመ ጥሩዎቹ ሳይቀሩ። የኢስፖርት ኢንተግሪቲ ኮሚሽን የተባለው ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው። በሺህ ዶላር የሚጫወት ስም የለሽ ቡድን ላይ ግን የሚጠብቅ ዓይን ጥቂት ነው።

ሚቲክነትህ ውድድር ለመግባት ይጠቅምህ ይሆናል። ቲኬት ለመቁረጥ አይጠቅምህም።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ ፊክስድ ማች (ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ጨዋታ) የሚሸጥ ልጅ የትናንቱን በትክክል ነግሮኛል። ለዛሬው 500 ብር ጠየቀኝ።

ለመቶ ሰው ይጽፋል። ለ50ው "ቀዩ ያሸንፋል"፣ ለ50ው "ሰማያዊው ያሸንፋል" ይላል። ትናንት ልክ የሆነላቸው 50ዎቹ ውስጥ ነህ። ውጤቱን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ራሱ ያስይዛል እንጂ አንተን 500 ብር አይለምንም። ብሎክ አድርገው።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው ያለሁት። እዚህ በቪፒኤን መቁረጥ ይቻላል?

ሳዑዲ ውስጥ ቁማር ክልክል ነው፤ በቪፒኤን ሲሆን ሐላል አይሆንም። የሚገርመው በ2024 እና በ2025 እ.ኤ.አ. ትልቁ የኢስፖርት ዓለም ዋንጫ እዚያው ሪያድ ተካሂዷል፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ አጠቃላይ ሽልማቱ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፣ ሞባይል ሌጀንድስና ፐብጂም ነበሩበት። እዚያ ሲካሄድ ገብተህ ማየት ትችላለህ። ኢቃማህን (የመኖሪያ ፈቃድህን) ግን አታስይዝ።

ጥያቄ፦ (ከአንዲት እናት።) የ17 ዓመት ልጄ ከስልኬ ገንዘብ እየላከ ሲቆርጥ ደረስኩበት። ገና ሲነኩት ያለቅሳል፣ ትምህርት ትቷል፣ ከጎረቤትም ተበድሯል። ልምታው ወይስ ልክፈልለት?

እናቴ፣ ሁለቱንም አያድርጉ። የስልክዎን የሚስጥር ቁጥር ዛሬውኑ ይቀይሩ። አካውንቱ በማን ስም እንደተከፈተ ይጠይቁት፤ በዚህ ዕድሜው በራሱ ስም ሊሆን አይገባም። ለድርጅቱ ደውለው ያዘጉት። ዕዳውን ለመክፈል ብር ለእሱ አይስጡት፤ የግድ ከሆነ ራስዎ ሄደው ለአበዳሪው ይክፈሉ።

ከዚያ ሐኪም ጋር ይውሰዱት። ይህን እንደ ወግ አይደለም የምልዎት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቁማር ችግርን ከሱስ ጋር መድቦታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ ሕመም ይቆጥረዋል። አዲስ አበባ ከሆኑ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ስሙን ፈርተው አይቅሩ፤ "ሰው ምን ይላል" የሚለው ልጁን አያድነውም። ጸበልም ካሰቡ ይውሰዱት፣ ሕክምናውን ግን አያስቀሩ። መኖር እንደሰለቸው የሚናገር ከሆነ ደግሞ ነገን አይጠብቁ፣ ብቻውንም አይተዉት፤ ዛሬውኑ ይሂዱ። እንደምን እንደሆነ ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ብዙ ብር ብበላ ታክስ ስንት ነው?

የሒሳብ ባለሙያ ጠይቅ። መጀመሪያ ግን ብላ።

ጥያቄ፦ ውድድሮቹን ለማየት የቤቲንግ አካውንት ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ዩቲዩብ ላይ በነፃ ይተላለፋሉ። የሚበላው ዳታ ብቻ ነው።