«በቀን 8 ሰዓት ብላችሁ ጻፉ»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የአንድ ትልቅ የአይቲ አማካሪ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ፤ አሁን ሰንጋ ተራ ባለ ባንክ ተመድቤ የኮር ባንኪንግ ሲስተም (የባንኩ ዋና የሒሳብ ሶፍትዌር) ቅየራ ላይ ነኝ። ጠዋት ሰርቪሱ ከቱሉ ዲምቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይነሳል። ማታ ሰርቪስ የሚባል የለም። ባንኩ የቀኑን ሒሳብ ካልዘጋ ሙከራ ስለማይጀመር የእኛ ሥራ የሚደራው ሰው ቤቱ ሲገባ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቃሊቲ ድረስ ታክሲ ባገኝ እንኳ ከዚያ ወዲያ ራይድ መጥራት ግዴታ ነው፤ ከኪሴ።

አዛዤ ማን እንደሆነ ራሱ አይገባኝም። ባንኩ «አለቆችሽን ጠይቂ» ይላል፣ አለቆቼ «ደንበኛው ያለሽን አድርጊ» ይላሉ። ማናጀራችን ዓርብ ዓርብ ታይምሺት (የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ቅጽ) ሲያስሞላን በጀት አልቋል፣ በቀን 8 ሰዓት ብቻ ጻፉ ይለናል፤ እሱስ ይሁን፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሞላው። ያንገበገበኝ ፋሲካ ነው። ባንክ ዝግ ስለሆነ ለዳታ ማዛወር ይመቻል ተብሎ በዓሉን እዚያው ዋልኩ። ምስጋና እንኳ የለም።

ለነገሩ የባንኩ አይቲ ኃላፊ እኛ ጋ ተቀጠሪ ብለውኛል። ውሌ ላይ ግን ከለቀቅኩ በኋላ ለ1 ዓመት ደንበኛ ጋ እንዳልቀጠር ተጽፏል። ልሂድ ወይስ ልቅር? ምን ይሉኛል?

መልስ፦

እህቴ፣ «እሱስ ይሁን» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ነው ያናደደኝ። አይሁን!

እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ በቁርጥ ዋጋ ይፈረማል። ድርጅቱ ሥራውን በሰው ቀን፣ ማለትም ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ገምቶ ይጫረታል፤ ግምቱ ካነሰ ኪሳራው የድርጅቱ መሆን ነበረበት። ማናጀሩ የሚመዘነው ግን በፕሮጀክቱ ትርፍ ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱን በእናንተ እንቅልፍ ይሞላል። ቀጣዩን ጨረታ የሚያሰላው ክፍል ደግሞ የሚያየው ታይምሺታችሁን ነው። 12 ሰዓት የፈጀው ሥራ 8 ተብሎ ስለተጻፈ የሚቀጥለው ባንክም በ8 ይሰላል። አልቋል የተባላችሁትን በጀት በየዓርቡ በፊርማችሁ የምታሳንሱት ራሳችሁ ናችሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጧል፦ እስከ ማታ 4 ሰዓት የመደበኛው 1.5፣ ከ4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። «ኮንሰልታንት ኦቨርታይም የለውም» ካሉሽ አትስሚያቸው። ከአዋጁ ውጭ የሆነው የሥራ መሪ ነው፤ ሰው የማትቀጥሪ፣ የማታሰናብቺ ሆነሽ ሳለ ቢዝነስ ካርድ ላይ «ሲኒየር» ስለተባለ የሥራ መሪ አትሆኚም። አንድ ነገር ግን አስተውይ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፎበት ይቀራል። አንቺ ምስጋና ስትጠብቂ የፋሲካው ገንዘብ እየተቃጠለ ነው።

ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ማናጀሩ በቃል ሲያዝሽ ወዲያው ኢሜይል ላኪለት፦ «በነገርከኝ መሠረት ለቀን መዝጊያ ሙከራው ዛሬ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እቆያለሁ።» ይኸው ነው፣ ክርክር አያስፈልገውም። ቀኑን፣ የቲኬቱን (ሥራው የተመዘገበበትን) ቁጥር፣ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት ለራስሽ መዝግቢ። ላለፉት ወራት የፈረምሽው 8 ሰዓት ይቃወምሻል፤ ግን በር ላይ የላፕቶፕሽን ሴሪያል ቁጥር የሚጽፈው ጥበቃ መዝገብ አለው፣ የራይዱም መልእክት ሰዓት አለው። የባንኩን ስክሪን ፎቶ ማንሳት ወይም ሎግ (ሲስተሙ የሚይዘውን መዝገብ) ወደ ግል ኢሜይልሽ መላክ ግን አይታሰብም! የደንበኛ ሒሳብ ቁጥር ከወጣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።

ወደ ባንኩስ? እኔ ብሆን እሄዳለሁ። አማካሪ ድርጅት ውስጥ በየፕሮጀክቱ የተለያየ ሲስተም ታያለሽ፣ እውነት ነው፤ ግን ውሸት እየፈረሙ የሚገኝ ልምድ ይቅርብሽ። ቀን መዝጊያ እዚያም ሌሊት ስለሆነ የሽፍቱን ነገር አስቀድመሽ ጠይቂ። ክልከላውን በተመለከተ ሁለት ወረቀት ሊኖር ይችላል፦ ያንቺ ውል፣ እና ድርጅቱና ባንኩ የተፈራረሙት። ባንኩ «ሠራተኛችሁን አልወስድም» ብሎ ፈርሞ ከሆነ ኃላፊው ብቻቸውን የሚፈቱት አይደለም፤ የሕግ ክፍላቸው አይቶት የቅጥር ደብዳቤ በእጅሽ ይግባ። ያንቺን አንቀጽ ለጠበቃ አሳዪ።

መጀመሪያ ግን የፋሲካውን ክፍያ በጽሑፍ ጠይቂና ቅጂው ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን አስደርጊ። የ30 ቀን የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያውን የምታስገቢው ከዚያ በኋላ ነው።