ዘፈኖቼ የት ገቡ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ማጫወቻው አለ፣ ዘፈኑ ግን የለም። ሁሉም ጠያቂዎች ኮምፒውተራቸው ላይ የሚጠቀሙት ሊኑክስ ስለሆነ መልሱም በዚያው ነው። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ።

አይፖዴ «ዜሮ ዘፈን» ይላል፤ ቦታው ግን ሞልቷል

እኚህ አንባቢ አሮጌ አይፖድ ክላሲክ አላቸው። በሊኑክስ ጥቂት ዘፈኖች ጨመሩበት። ነቅለው ሲያዩት ባዶ ነው። «40 ጊጋባይት ቦታ ግን እንደተያዘ ነው። ዘፈኖቹ ከሌሉ ቦታውን ምን ያዘው?» ይላሉ።

ዘፈኖቹ ናቸዋ የያዙት! አንዱም አልጠፋም።

አይፖድ ፎልደር ከፍቶ ዘፈን አይፈልግም። አይቱንስ ዲቢ የሚባል መዝገብ አለው፤ እሱን ብቻ ነው የሚያነበው። መዝገቡ ላይ ያልሰፈረ ዘፈን፣ ፋይሉ ቁጭ ብሎ እያለ እንኳ፣ ለአይፖዱ እንደሌለ ነው። ከ2007 ጀምሮ የወጡት ክላሲክና ናኖ ደግሞ መዝገቡ የማረጋገጫ ቁጥር እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ቁጥሩ የሚሰላው ከመሣሪያው መለያ ነው። የሊኑክሱ ሶፍትዌር መለያውን ሳያገኝ ከጻፈ አይፖዱ መዝገቡን አይቀበለውም፤ «ዜሮ ዘፈን» ብሎ ቁጭ ይላል። የእርስዎም ነገር ይኸው ይመስለኛል።

አይፖዱን ይሰኩ። «አይፖድ ኮንትሮል» የሚለውን ፎልደር፣ ከዚያ ውስጡ ያለውን «ሚዩዚክ» ይክፈቱ። ኤፍ00፣ ኤፍ01 እያሉ የሚቀጥሉ ፎልደሮች ያገኛሉ። የፋይሎቹ ስም አራት አራት ፊደል ነው፤ ትርጉም የለውም። አይደንግጡ፣ የዘፋኙና የዘፈኑ ስም ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። መጀመሪያ «ሚዩዚክ»ን እንዳለ ወደ ኮምፒውተርዎ ኮፒ ያድርጉ። ኮፒውን ሪዝምቦክስ በሚባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ሲከፍቱት ሁሉም በየዘፋኙ ተደርድሮ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ እፎይ ይላል።

መዝገቡን መጠገን ከዚያ በኋላ ነው። ጂቲኬፖድ የሚባለው ሶፍትዌር የአይፖዱን ፋይሎች ከመዝገቡ ጋር የሚያመሳክር ምርጫ አለው። ያልተመዘገቡትን ሰብስቦ መልሶ ይመዘግባቸዋል። ሶፍትዌሩ አርጅቷል፤ አዲስ ሊኑክስ ላይ ላያገኙት ይችላሉ። ያኔ ከኮፒው ላይ በሪዝምቦክስ እንደገና ይጫኑ። በየትኛውም ቢሆን ከመጻፍዎ በፊት ሶፍትዌሩ የአይፖዱን ሞዴል በትክክል መለየቱን ይዩ።

ዘፈኖቹ አሉ፣ ተራቸው ነው የተዘበራረቀው

ብዙ ቀላል ማጫወቻዎች የሚያጫውቱት በስም ሳይሆን ካርዱ ላይ በተጻፉበት ተራ ነው። ፋትሶርት የምትባል ትንሽ ሶፍትዌር በስም ትደረድራቸዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዲሊት ያደረግኩት አልበም ቦታውን አልለቀቀም

አንዲት አንባቢ ቦታ ለማግኘት ብለው 6 አልበም አጠፉ። ቦታው ምንም አልጨመረም። ማታ ደግሞ ከአልበሞቹ አንዱን ለማጥፋት እንዳላሰቡ ትዝ አላቸው። «ሁለቱንም አጣሁ» ይላሉ።

ሁለቱንም አላጡም። ሊኑክስ ላይ ከፋይል ማሳያው ዲሊት ሲሉ ፋይሉ የሚሄደው ወደ ቆሻሻ መጣያ ነው። ለተሰካ ዕቃ መጣያው ያለው ዕቃው ላይ ራሱ ነው። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር አይታይም። ኮንትሮልና ኤች አብረው ይጫኑ፤ «ትራሽ» የሚልና ቁጥር ያለበት ፎልደር ብቅ ይላል። አልበሙን ከዚያ ያውጡ፣ የቀረውን ያጥፉ። እባክዎ ለዚህ መልሶ ማግኛ ሶፍትዌር አይጫኑ። ለዚህ ብለው ካርዳቸውን ፎርማት ያደረጉ ሰዎች ጽፈውልኛል፤ በጣም ያሳዝናል።

የአያቴ ድምፅ

«ጋሼ» ብሎ የጻፈልኝ ወጣት ነው። ማጫወቻው ድምፅ ይቀዳል። አያቱ ተረት ሲነግሩት፣ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩለት 11 ጊዜ ቀድቷቸዋል። ማጫወቻው ሲያስቸግረው ከራሱ ምናሌ ላይ ፎርማት አደረገው። ቅጂዎቹ ትዝ ያሉት ከዚያ በኋላ ነው። አያቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። «ፎቶሬክ የሚባል መልሶ ማግኛ ሶፍትዌር እንዳለ ሰማሁ። ካርዱ ላይ ልጫነው ወይስ ኮምፒውተሩ ላይ? እስከዚያ ዘፈን ብጭንበትስ ችግር አለው?»

አለው። ምንም ነገር እንዳትጭንበት። አሁኑኑ ማጫወቻውን አጥፋውና የቀረውን ከዚያ በኋላ አንብብ።

እንዲህ ዓይነት ፎርማት አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው መዝገቡን ነው። የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር ይሰረዛል እንጂ ድምፁ ካርዱ ላይ ነው። ነገር ግን ያለበት ቦታ «ነፃ» ተብሏል። ቀጥሎ የሚመጣ ማንኛውም ፋይል መጥቶ ሊቀመጥበት ይችላል። አንዴ ሌላ ነገር ከተጻፈበት ደግሞ የሚመልሰው ሶፍትዌር የለም፤ የሚመልሰው ባለሙያም የለም።

ይህን የማውቀው በራሴ ደርሶ ነው። የአባቴን ድምፅ የቀዳሁበት ካርድ ነበረኝ። በስህተት አጠፋሁት። መልሶ ማግኛ ሶፍትዌር ከፈትኩና ያገኘውን ሁሉ እዚያው ካርድ ላይ እንዲያስቀምጥ አዘዝኩ። ድሮ ያጠፋኋቸውን ዘፈኖች እያወጣ የአባቴ ድምፅ ላይ ይጽፋቸው ጀመር። ከአንደኛው ቅጂ የቀረኝ 4 ደቂቃ ነው። አባቴ ስለ አንድ ጓደኛው እየነገረኝ «እሱማ ያን ቀን…» ይላል። ከዚያ ዘፈን ይገባበታል። ያን ቀን ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ስለዚህ ቀስ ብለህ ሥራ። ካርዱን ከማጫወቻው አውጣው። ማጫወቻው ውስጥ እያለ አታብራው፤ ሲበራ የመጨረሻውን ዘፈን፣ የቆመበትን ቦታ እያለ በራሱ የሚጽፍ አለ። ካርዱን ጎኑ ላይ መቆለፊያ ያላት አስማሚ ውስጥ ክተተውና ቆልፈው። ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ሊኑክስ «ልክፈተው?» ካለህ እምቢ በል፤ «ፎርማት ላድርገው?» ካለህ ደግሞ በፍጹም።

ቀጥሎ የካርዱን ሙሉ ግልባጭ ታወጣለህ። «ዲስክስ» የሚለውን ሶፍትዌር ክፈት፣ ካርዱን ምረጥ፣ ከምናሌው ላይ የዲስክ ኢሜጅ ፍጠር የሚለውን ተጫን። ካርዱ 32 ጊጋ ከሆነ ግልባጩም 32 ጊጋ ነው የሚሆነው፣ ባዶ ቢመስልም። ኮምፒውተርህ ላይ ያን ያህል ቦታ ይኑርህ። በመሃል የማይነበብ ቦታ አለ ብሎ ከቆመ ዲዲሬስኪው የሚባለውን ተጠቀም። የማይነበበውን እየዘለለ ጤነኛውን ያወጣና ወደዘለለው ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራል። ግልባጩ ሲያልቅ ካርዱን ነቅለህ ፖስታ ውስጥ ክተተው፣ ስሙን ጻፍበት፣ አስቀምጠው። ከዚህ በኋላ የምትሠራው ግልባጩ ላይ ብቻ ነው። ብትሳሳት እንኳ የምትሳሳተው ግልባጩ ላይ ነው።

ፎቶሬክን ግልባጩ ላይ አስነሳው። ስሙ ለፎቶ ብቻ ያስመስለዋል እንጂ ከ480 በላይ የፋይል ዓይነት ያውቃል። መዝገቡን አያይም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያነበበ የየፋይሉን አጀማመር ይፈልጋል። ፎርማት የተደረገ ካርድ ላይ የሚበረታውም ለዚህ ነው። ከፋይል ዓይነቶቹ ኤምፒስሪና ዌቭን ብቻ ምረጥ። ማጫወቻህ በምን ዓይነት እንደሚቀዳ ከመመሪያው ላይ እይ፤ ለመሞከር ብለህ ግን አዲስ ድምፅ እንዳትቀዳ! የተገኘውን የት ላስቀምጥ ሲልህ ኮምፒውተርህ ላይ አዲስ ፎልደር ስጠው።

የፎቶሬክ ድክመት አንድ ነው። ፋይሉ ካርዱ ላይ በሁለት በሦስት ቦታ ተቆራርጦ ከተቀመጠ እሱም ቆራርጦ ነው የሚያወጣው። የአንተ ቅጂዎች የተቀዱት ካርዱ ላይ ሰፊ ቦታ እያለ ከሆነ ግን በተከታታይ ሳይቀመጡ አይቀሩም።

ይህን ለመሥራት እጅህ ከፈራ አትሥራ። ማጫወቻው ካርድ የሌለው፣ ሁሉም በውስጡ የሆነ ዓይነት ከሆነም አትነካካው። የጠፋ ዳታ መመለስ ሥራው ለሆነ ባለሙያ ስጠው። ኮምፒውተር ስለሚያውቅ ብቻ ለጓደኛ አትስጥ። ባለሙያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት «መጀመሪያ ግልባጭ ታወጣለህ ወይ?» ብለህ ጠይቀው። አላወጣም ካለህ ካርድህን ይዘህ ውጣ። ዘፈን ከሌላ ቦታ ይገኛል። የአያትህ ድምፅ ያለው ግን እዚያች ካርድ ላይ ብቻ ነው። የሆነውን እባክህ ጻፍልኝ።

ፎቶሬክ 3,000 ዘፈን አወጣልኝ፣ ሁሉም ስም የላቸውም

እንኳን ደስ አለዎት። ስማቸው የነበረው በጠፋው መዝገብ ላይ ስለሆነ ፎቶሬክ በቁጥር ሰይሟቸዋል። ፒካርድ የሚባለውን ሶፍትዌር ይጫኑ። ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ስም ካለ በዚያ ይሰይማቸዋል። ከሌለ ደግሞ የድምፁን አሻራ አውጥቶ አኩስት አይዲ ከተባለው ማከማቻ ጋር ያስተያያል። እዚያ ያልተመዘገበ ዘፈን፣ ለምሳሌ ከካሴት የተገለበጠ፣ በጆሮ መለየት አለበት። 3,000ውን በአንድ ቀን ልጨርስ አይበሉ። 50 እየወሰዱ ይሥሩ፣ እየሰሙም ይሂዱ፤ መሃል ላይ የተቆረጡ ሊኖሩ ይችላሉ።

ማጫወቻው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ፎቶሬክን ለሦስተኛ ጊዜ ላስኪደው?

አያስኪዱት! ይንቀሉት።

የእርስዎ ማጫወቻ ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አለው። ቀጭ ቀጭ የሚለው ብዙውን ጊዜ የሚያነበው ጭንቅላት ቦታውን ሲያጣ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ዲስኩን ሊቧጭረው ይችላል፤ የተቧጨረ ደግሞ አይመለስም። ይህ በሶፍትዌር የሚፈታ ነገር አይደለም፤ ዲዲሬስኪውም ቢሆን። ውስጡ ያለው የሚያስፈልግዎ ከሆነ ዛሬውኑ አጥፍተው ለባለሙያ ይውሰዱት፤ ለማየት እንኳ ደግመው አያብሩት። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ገፍቶት ከሆነም እንዲሁ ነው። አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ቻርጅ አያድርጉት።

ኮምፒውተሩ ማጫወቻውን ያየዋል፣ ፎቶሬክ ግን አያየውም

ማጫወቻዎ የሚገናኘው በኤምቲፒ ነው። በዚህ መንገድ ኮምፒውተሩ የፋይሎቹን ዝርዝር ያገኛል እንጂ ሚሞሪውን በቀጥታ አያነበውም። የማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ኤምኤስሲ ወይም ዩኤስቢ ስቶሬጅ የሚል ካለ ወደዚያ ይቀይሩት። ከሌለና ካርድ ካለው ካርዱን አውጥተው ይሰኩ። ሁለቱም ካልሆኑ ባለሙያ ይጠይቁ።

የመጀመሪያዎቹ አልበሞች ይጫወታሉ፣ ቀጥለው የጫንኳቸው ግን ድምፅ የላቸውም

ደብዳቤው ካርዱ አዲስ፣ 512 ጊጋ የተጻፈበት መሆኑን ይገልጻል። ካርዱ የተጻፈበትን ያህል አይይዝም ብዬ እጠረጥራለሁ። አንዳንድ ካርድ ከያዘው በላይ ለኮምፒውተሩ ይዋሻል። ትክክለኛው ቦታ ሲያልቅ ቀጥሎ የሚጻፈው ይጠፋል፤ ስሙ ግን ዝርዝሩ ላይ ይታያል። መጀመሪያ የሚጫወቱትን ወደ ኮምፒውተርዎ ያውጡ። ከዚያ ኤፍ3 በሚባለው ሶፍትዌር ካርዱን ይፈትኑት። ካርዱን እስኪሞላ ይጽፍበትና መልሶ በማንበብ በትክክል ስንት እንደሚይዝ ይነግርዎታል። ውሸታም ከሆነ ወደ ሻጩ ይመልሱት። ካርዱ ላይ በትክክል ያላረፈውን ዘፈን ግን ማንም አያወጣልዎትም።

ኮፒው አለቀ ሲለኝ ነቀልኩት፤ አሁን የፎልደሩ ስም ምልክት ብቻ ሆነ

አለቀ ቢልም አላለቀም ነበር። ሊኑክስ የሚጻፈውን ለጊዜው ራም ላይ ያቆየዋል፤ ወደ ካርዱ የሚደርሰው ትንሽ ቆይቶ ነው። «አስወጣ» የሚለውን ተጭኖ መልስ እስኪሰጥ መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሁን ለወጣቱ እንደነገርኩት ግልባጭ ያውጡ። ከዚያ ግልባጩን ኤፍኤስሲኬ በሚባለው ሶፍትዌር ያስጠግኑ። ባለቤት ያጡ ቁርጥራጮችን ካገኘ በራሱ ስም፣ «ሬክ» በሚል ቅጥያ ያስቀምጣቸዋል። ቅጥያውን ወደ ኤምፒስሪ ለውጠው ይክፈቷቸው፤ አንዳንዱ ሙሉ ዘፈን ሆኖ ያገኙታል።

የአማርኛ ዘፈኖቼ ስም አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይታያል። ተበላሹ ማለት ነው?

አይደለም። ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል የለውም። ዘፈኑ ደህና ነው፣ ያጫውቱት።